«እንዲህ ብለህ ፈርም» ተባልኩ፤ ልፈርም?

«ጤና ይስጥልኝ። እንደ ታናሽ ወንድምዎ ቆጥረው እንዲመክሩኝ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ 33 ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን በፎርክሊፍት ኦፕሬተርነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። እስከዛሬ ሰው ነክቼ አላውቅም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አርብ አመሻሽ ላይ፣ ሁለት መኪና ደጅ ቆሞ «ቶሎ በል» እየተባልኩ ነበር። የዘይት ካርቶን የተደረደረበት ፓሌት ይዤ፣ ጭነቱ ፊቴን ስለጋረደኝ ወደኋላ እየነዳሁ፣ ወደ በሩ ለመዞር መሪውን ስጠመዝዝ የማሽኑ ጭራ ወደ ግራ ሄደ። በዚያ በኩል የሚያልፍ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ነበር። ከቁልሉ ጋር ገፋው፣ የኋላ ጎማው ግራ እግሩ ላይ ወጣ። ልጁ 21 ዓመቱ ነው። ያደረገው ነጠላ ጫማ ነበር። የእግሩ አጥንት ሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ ኦፕራሲዮን ሆኖ፣ ብረት ገብቶለት አሁን ቤቱ ተኝቷል። እኔ ያየሁት በቀኝ ትከሻዬ በኩል ብቻ ነው። በግራ አላየሁም። የማሽኑ የኋላ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ደግሞ ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎታል፤ ለመካኒኩም ለሱፐርቫይዘሩም በአፍ ተናግሬ ነበር።

አሁን መሥሪያ ቤቱ ወረቀት አዘጋጅቶ ፈርም እያለኝ ነው። «ሠራተኛው እንዳይገባ በግልጽ ተነግሮት ሳለ፣ የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወደ ተከለከለ ቦታ በመግባቱ ጉዳቱ ደርሶበታል» ይላል። ማንም እንዲህ ሲለው አልሰማሁም። የተከለከለ የሚባል ቦታም መሬቱ ላይ አልተሰመረም። «ካልፈረምክ ጥፋቱ ያንተ ስለሆነ የሕክምናው ወጪ ከደመወዝህ ይቆረጣል፣ ፖሊስም ይጠይቅሃል» አሉኝ። እስከ ሰኞ ቀን ሰጥተውኛል። ልጁንም «ሄደህ እንዳታየው፣ ጥፋቱን ማመን ይሆንብሃል» ስለተባልኩ አልጠየቅሁትም። እናቱ ወጌሻ ጋ ልትወስደው እንዳሰበች ሰምቻለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ጩኸቱ ይሰማኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ማሽኑ ላይ ሊመልሱኝ ነው፤ ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ልፈርም? ሥራውን ትቼ ልሂድ? ልጁ ፊትስ ምን ብዬ እቆማለሁ?

ኃ.፣ ከአዲስ አበባ»

ወንድሜ ኃ.፣

ፈጣሪ ያጽናህ፤ ለልጁም ምሕረቱን ያውርድለት።

ደብዳቤህ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት መስመር አለ፤ «በግራ አላየሁም» የሚለው። ማንም ሳያስገድድህ ነው የጻፍከው። ጥፋቱን ሁሉ ልጁ ላይ የሚጥል ወረቀት ተዘጋጅቶልህ፣ ፈርመህ መገላገል እየቻልክ፣ ይህችን እውነት ይዘህ ሌሊቱን ትገላበጣለህ። ስለዚህ «አንተ ምንም አላጠፋህም» ብዬ አላባብልህም፤ ብልህም አታምነኝም። ግን ጥፋትህ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አብረን እንየው፤ አሁን የራስህንም የሌላውንም ድርሻ አንድ ላይ ተሸክመህ ነው ያለኸው።

የማሽኑን ነገር አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልበለው። የፎርክሊፍት መሪ የሚያዞረው እንደ መኪና የፊት ጎማን ሳይሆን የኋላውን ነው። የፊት ጎማዎቹ እንደ በር ማጠፊያ ይሆናሉ፤ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው አካል እንደ በሩ ሳንቃ ተወርውሮ ይዞራል። ያ ጭራ ደግሞ የሹካውን ጭነት እንዲመዝን ተብሎ ድፍን ብረት የተደረገበት ነው። 3 ቶን የሚያነሳ ማሽን ባዶውን ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል። ጭነት ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ቢያጋድልም፣ ከኋላ የሚቀረው የሰው እግር ለመስበር ከበቂ በላይ ነው። ጭነቱ ፊትህን ስለጋረደህ ወደኋላ መንዳትህ ትክክል ነበር። ወደኋላ ሲነዳ ግን አብዛኛው ኦፕሬተር ግራ እጁን መሪው ላይ ትቶ ወገቡን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። እንደዚያ ሲቀመጥ የግራው የኋላ ማዕዘን ከጣሪያው ምሰሶና ከጭራው ብረት ጀርባ ይደበቅበታል። አንተ ያላየኸው ይህን ማዕዘን ነው።

እና አዎ፣ ያ ያንተ ስህተት ነው። አሁን ሌላውን እይ። ማሽኑ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ በአንድ ሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ደግሞ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በቁልሎቹ መካከል ያለው መተላለፊያችሁ ስንት ሜትር ስፋት አለው? ልጁን ብታየውስ የምትቆምበት ቦታ ነበረህ? ለዚህ ነው የኋላ ማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚገጠመው፣ የእግረኛ መሄጃ በቢጫ ቀለም የሚሰመረው፣ ማዕዘን ላይ ጎባጣ መስታወት የሚሰቀለው፣ መኪና በሚጫንበት ሰዓት ምልክት የሚሰጥ ሰው የሚቆመው። እነዚህ ሁሉ የተፈጠሩት ኦፕሬተር አንድ ቀን አንገቱን ሳያዞር እንደሚቀር ስለሚታወቅ ነው። አንተ አንድ ጊዜ ሳታይ ቀረህ፤ ያንን ሊሸፍኑልህ የሚገባቸው ነገሮች አንዳቸውም አልነበሩም። ጫማውም እንዲሁ ነው። አፉ ላይ ብረት ያለው የሥራ ጫማ የሚከልለው ጣቶችን ስለሆነ እግሩን ሙሉ በሙሉ ያድነው ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም በነጠላ ጫማ ፓሌት መሃል የሚመላለስ ልጅ እያዩ ማሳለፍ የአሠሪ ጉድለት ነው። የመከላከያ ዕቃ ማቅረብና ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማር በሕግ የተጣለው እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ቀን የተቆረጠልህ ለሱ ነውና።

አትፈርም። ይህን የምልህ ስለ ሐቀኝነት ልሰብክህ አይደለም፤ ያቺ «በግልጽ ተነግሮት ሳለ» የምትል ሐረግ ልጁን ምን እንደምታሳጣው እንድታውቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ልጁ የአንተን ጥፋት ማስረዳት የለበትም፤ የድርጅቱንም ጥፋት ማስረዳት የለበትም። ሥራ ላይ ሳለ መጎዳቱ ይበቃዋል። ይህ ኃላፊነት ከአሠሪው ላይ የሚነሳው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ እንደሆነ ነው። አዋጁ ደግሞ ሁለት ነገሮችን እንደ «ሆን ብሎ» ይቆጥራቸዋል፤ አንዱ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት፣ ሌላው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ። አየህ? አንተ የምትፈርማት ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ልጁን ከሕጉ ጥላ ሥር የምታስወጣ ናት።

በብር እንየው፤ ለምሳሌ ያህል ነው። ልጁ በቀን 300 ብር እየተከፈለው በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል፤ 7,800 ብር ነው። ለጊዜው መሥራት ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ማለትም በወር 5,850 ብር፤ የቀሩትን ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ፣ 3,900 ብር። ይህ ከሕክምና፣ ከመድኃኒትና አስፈላጊ ከሆነ ከድጋፍ መሣሪያ ወጪ ሌላ ነው። እግሩ ላይ ቋሚ ጉዳት ከቀረ የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወስነዋል። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ መድን ገብቶ ከሆነ ካሣው በመድኑ ውል፣ መድን ከሌለና ልጁ በጡረታ የተሸፈነ ከሆነ በጡረታ ሕጉ ይታያል። ሁለቱም ከሌሉ፣ እንደ ልጁ ያለ የቀን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ያለበት ሁኔታ ይህ ነው፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ የአምስት ዓመት ደመወዝ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ከዚያ ለሚያንስ ጉዳት በመቶኛው ልክ። በምሳሌያችን የአምስት ዓመቱ 468,000 ብር ነው፤ ቦርዱ 10 በመቶ ቢል 46,800 ብር ይሆናል። የጽሑፍ ውል የለውም ቢሉህ፣ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ ወረቀት ባለመኖሩ መብቱ አይቀርበትም።

ሳትፈርም መቅረት ብቻውን ግን አይበቃም፤ በቦታው የራስህን ቃል አስቀምጥ። እሑድ ከሰዓት ልጅህ ስትተኛ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘህ ተቀመጥ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቁጥር፣ ምን ጭነህ ከየት ወደ የት ትሄድ እንደነበር ጻፍ። ልጁ ከየት በኩል መጣ? ምን ተጫምቶ ነበር? መብራቱ እንዴት ነበር? መሬቱ ላይ መስመር ነበር ወይስ አልነበረም? የማስጠንቀቂያው ድምፅ መቼ ተበላሸ፣ ለማን በየትኛው ቀን ገደማ ተናገርክ፣ ሲነገር ማን ሰማ? ልጁን ከጎማው ሥር ማን አወጣው፣ በምን መኪና ሄደ? ያየኸውንና የሰማኸውን ብቻ። «ይመስለኛል» የሚል ቃል ከገባ ሰርዘው። «ጥፋተኛው እገሌ ነው» የሚል ፍርድም አትጻፍ፤ ስለ ራስህም ቢሆን። በቀኝ ትከሻህ በኩል እንዳየህ ከጻፍክ የሆነውን ጽፈሃል፤ ፍርዱ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ አትዝለለው። የወንጀል ሕጉ በቸልተኝነት የሚደርስን የአካል ጉዳት ስለሚመለከት የፖሊስ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ እዚህ ላይ ያሉህ እውነት ነው። እውነት ያልሆነው መፈረምህ ያድንሃል የሚለው ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቅህ የፈረምከው ወረቀት አንድ ቀን ዳኛ ፊት ከቀረበና በዚያ ሰዓት የነበሩት ሠራተኞች ሌላ ከመሰከሩ፣ አንድ የነበረው ችግርህ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ የጻፍከውን ከማስገባትህ በፊት ለአንድ የሕግ ባለሙያ አሳየው። ድርጅታችሁ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ከዚያ ጀምር። ከሌለም ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ማዕከላት አሉ። ብትያዝ ያለመናገርና ጠበቃ የማማከር መብትህን ሕገ መንግሥቱ ሰጥቶሃል፤ ይህን መብት መጠቀም መዋሸት አይደለም።

ባለሙያው እስኪያየው ጊዜ ቢያስፈልግህ፣ ሰኞ ቢሮ ስትገባ ይህን ያህል በላቸው፦ «እዚህ ላይ የተጻፈውን ስላላየሁ መፈረም አልችልም። ያየሁትን በራሴ እጅ ጽፌ በዚህ ሳምንት አስገባለሁ።» ቢጮሁብህ አትከራከር፤ ደግመህ ይህንኑ በልና ውጣ። ስታስገባ ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርገህ፣ በሌላው ላይ ቀንና ቁጥር አስመትተህ ቤትህ አስቀምጥ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ላከውና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያዝ።

ስለ ደመወዝ መቆረጡ በአጭሩ ልንገርህ። አሠሪ በራሱ ፈቃድ ደመወዝ አይቆርጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም አንተ ራስህ በጽሑፍ ካልተስማማህ አይችልም። በምንም ምክንያት ቢሆን ደግሞ በወር ከደመወዝህ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የልጁ ሕክምና በሕግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ «ለወጪው እንዲቆረጥብኝ ተስማምቻለሁ» የሚል ሁለተኛ ወረቀት ቢመጣልህ እሱንም አትፈርም።

አሁን ልጁ ጋ እንሂድ። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳህ ይህ ይመስለኛል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አለመሄድህ።

ሂድ። ከሰኞ በፊት፣ ቅዳሜ ሂድ። ብቻህን አትሂድ፤ ልጁን ወይም ቤተሰቡን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ፣ መምጣትህን አስቀድመህ አሳውቀህ ግባ። እናትየው በንዴት ልትጮህብህ ትችላለች። ጩኸቷን ስማው፤ ራስህን ለመከላከል አትሽቀዳደም። ስለ ተበላሸው ማስጠንቀቂያ በዚያ ቅጽበት አትንገራት፤ እውነት ቢሆንም በመጀመሪያው ደቂቃ ሰበብ ሆኖ ነው የሚሰማት። ምን ብለህ ትቆማለህ? «እኔ ነኝ የነዳሁት። አላየሁህም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልጠፋህም፤ ቀድሜ ባለመምጣቴ ይቅርታ አድርግልኝ።» ከዚህ የረዘመ ንግግር አያስፈልግም። ይቅር ማለትም አለማለትም የሱ ነው፤ የዚያኑ ዕለት መልስ አትጠብቅ። ለሻይ ለቡና የሚሆን ነገር፣ ለበሽተኛ የሚሆን ፍራፍሬ ይዘህ ብትገባ ወግ ነው። ገንዘብ ቆጥሮ ማስጨበጥ ግን ለጊዜው ይቅር፤ የእግሩን ዋጋ ልትከፍል የመጣህ ይመስላል፣ በኋላም «ታረቁ፣ ጨረሱ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ሽምግልና ቢነሳም በአንተና በሱ መካከል ያለውን ቅሬታ ብቻ ይመልከት። «ከእንግዲህ ድርጅቱን ምንም አልጠይቅም» የሚል መስመር ያለበት የእርቅ ወረቀት ልጁ እንዳይፈርም ለሽማግሌውም ንገረው።

ሁለተኛ ስትሄድ፣ ልቡ ትንሽ ሲረጋ፣ ከላይ ያሰላሁልህን ለልጁ አስረዳው። የሆስፒታል ካርዱን፣ የራጅ ፊልሙን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን፣ የሐኪም ፈቃድ ወረቀቱን አንድ ፌስታል ውስጥ ያስቀምጥ። ድርጅቱ ከከለከለው ለሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማመልከት፣ ወይም ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል፤ በሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ይህን ዓይነቱ ጥያቄ ግን በአንድ ዓመት ይርጋ ሊታገድ ስለሚችል «ይድናል፣ ከዚያ እናየዋለን» እየተባለ እንዳይንከባለል አደራ። ያንተ የእጅ ጽሑፍ ቅጂም አንድ ቀን ሊያስፈልገው ይችላል።

የወጌሻውን ነገር ለእናትየው ሽማግሌው ቢነግራት ይሻላል፤ ካንተ አፍ ላይሰማ ይችላል። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ይህ እግር ግን ተከፍቶ የተሰፋ፣ ውስጡ ብረት ያለበት ነው። በሸንበቆ ወይም በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር ያበጠው ሥጋ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች እንዲህ ታስረው መጥተው እግራቸው የተቆረጠ ብዙ ናቸው። መታሸቱም የተገጠመውን አጥንት ሊያላቅቀው ይችላል። አሁን ያለው ማሰሪያም ቢሆን በየቀኑ ይታይ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሕመሙ መድኃኒት እየወሰደ ከባሰ፣ ቁስሉ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካለው ነገ ሳይባል ወደ ሐኪሙ ይመለስ። ባቱ ቢያብጥና ቢያመው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

ወደ አንተ ልመለስ። ጩኸቱ የሚሰማህ፣ ሌሊት የምትባንነው አብደህ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልፍበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። አንድ ወር ካለፈ በኋላም ካልቀለለህ፣ ወይም መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብህ፣ ይህን ሁለተኛውን አንድ ቀንም ሳታሳድር፣ በአቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሂድ፤ የሚታከም ነገር ነው። ለመተኛት ብለህ መጠጥ አትጀምር፤ እንቅልፉን ይሰባብረዋል። ጫትም ያው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ለባለቤትህ ነግረሃታል? የሆነውን ሳይሆን የሚሰማህን። ደብዳቤህ ውስጥ ስለሷ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ጩኸቱን ብቻህን የምትሰማው ከሆነ ሌሊቱ ይረዝማል።

ሥራውን ልተው ላልከው፣ በዚህ ሳምንት አትተው። በሚቀጥለው ሳምንትም ማሽኑ ላይ አትውጣ። ሁለቱም ለእኔ አንድ ናቸው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚወስናቸው ውሳኔዎች ናቸው። ሦስት ሳምንት በቅጡ ያልተኛ ሰው የቤት መኪና እንኳ ባይነዳ ይመረጣል፣ ሰው መሃል የሚዞር 4 ቶን ብረት ይቅርና። ለሁለትና ሦስት ሳምንት በቆጠራ ወይም በርክክብ ላይ እንዲመድቡህ በጽሑፍ ጠይቅ። በዚያው ማመልከቻ ማሽኑ ላይ ከመመለስህ በፊት የማስጠንቀቂያው ድምፅ እንዲጠገን፣ የእግረኛ መስመር እንዲቀባ፣ ማዕዘኑ ላይ መስታወት እንዲሰቀል፣ በጭነት ሰዓት አንድ ምልክት ሰጪ እንዲመደብ ጥቀስ። በአፍ የተነገረ ነገር ምን እንደሚሆን አየኸው። የመሣሪያ ጉድለት ማሳወቅ የሠራተኛም ግዴታ ስለሆነ ማንም ሊቆጣህ አይገባም።

ስትመለስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሙሉ ሥራ ውስጥ አትግባ። መጀመሪያ ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት፣ ባዶ ማሽን፣ ሁለት ባዶ ፓሌት መሬት ላይ አስቀምጠህ በመካከላቸው ስምንት ቁጥር እየሠራህ ለግማሽ ሰዓት ዙር። ወደ ፊትም ወደኋላም። ጭራው የት እንደሚደርስ ሰውነትህ እንደገና ይማረው። እጅህ መንቀጥቀጡን ካቆመ በማግሥቱ በጭነት ሞክር፤ ሰው ባለበት ቦታ የምትነዳው ከዚያ በኋላ ነው። የምታምነው አንድ ባልደረባ ራቅ ብሎ ቆሞ ቢያይህ ጥሩ ነው።

ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ከማዞርህ በፊት አሥር ደቂቃ ለራስህ ውሰድ። ጎማው፣ የሹካው ተረከዝ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ፣ ሰንሰለቱ፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት፣ ከዚያ አስነስተህ ፍሬኑ፣ መሪው፣ ክላክሱ፣ የኋላ ድምፁ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ችግር ካየህ ቁልፉን ነቅለህ ለሱፐርቫይዘሩ ስጥ፤ በቼክ ሊስቱም ላይ ጻፈው። ስትነዳ ሹካውን ከመሬት 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርግ፣ ማስቱን (ሹካውን የሚያነሳውን ምሰሶ) ወደ ራስህ አዘንብል፣ ቀበቶህን እሰር። ወደኋላ ከመንቀሳቀስህ በፊት ቀኝ ትከሻ፣ ግራ ትከሻ፣ ክላክስ፣ ሁለት ሰከንድ ቆም፣ ከዚያ ሂድ። ሰው ከ3 ሜትር በታች ከቀረበህ ቁም፤ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ በእጁ እስኪያሳልፍህ ድረስ አትንቀሳቀስ። ምልክት ሰጪው ከዓይንህ ከተሰወረም እንደዚሁ ቁም። ደጅ የቆመው መኪና ቢጮህ ይጩህ።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ ከአንድ ወር ተኩል በኋላም ወንበሩ ላይ ስትወጣ ደረትህ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ወይም የጠየቅከው ጥገና ካልተደረገ፣ ያን ጊዜ ከባለቤትህ ጋር ተቀመጡና ስለ መልቀቁ ተነጋገሩ። በፈቃድህ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለብህ። ለሕይወትና ለጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሳውቀኸው አሠሪው እርምጃ ካልወሰደ ግን ያለ ማስጠንቀቂያም መልቀቅ ትችላለህ። ለዚህም ያ ቀንና ቁጥር የተመታበት ማመልከቻህ ያስፈልግሃል፤ ስለ አደጋው ከጻፍከው ቃል ቅጂ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠው።